የሦስት ቀን ሕጎች

ሰኞ፣ ወሰነ ትምህርቱ የተጀመረ ዕለት

የጃፓን ታሪክና የታሪክ ጥናት ዘዴ፣ መግቢያ። ክፍል ሰባት። ጣሪያው ያፈሳል፤ ከመብራቶቹ ግማሹ ይሠራሉ፣ እነሱም ሲፈልጉ ነው። የመጡት ተማሪዎች ሦስት ዓይነት ናቸው፦ ሰዓቱ የተመቻቸው፣ የፈለጉት ትምህርት የሞላባቸው፣ ክፍል የሳቱ። ክፍል የሳቱት ይሉኝታ ይዟቸው እስከ መጨረሻው ተቀመጡ። ከሁሉም አጥብቀው ማስታወሻ የያዙትም እነሱ ናቸው።

ዲኑ ኮሪደር ላይ አገኘኝ። አብረን ነው የተማርነው። ስብሰባ ላይ "እርስዎ" ይለኛል፣ ኮሪደር ላይ "አንቺ"። ዛሬ ክንዴን ይዞ ወደ ግድግዳው ጠጋ አደረገኝና፣

"ስሚ፣ ይሄ የጃፓን ነገርሽ መጨረሻ ላይ ይታያል" አለኝ።

ይታያል ማለት ኮሚቴ ተቀምጦ የተማሪዎቹን የማጠቃለያ ሥራ ያያል ማለት ነው። ካልጣመው ትምህርቱ ይዘጋል። ከተዘጋ እኔ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች "የአጠናን ብልሃት" አስተምራለሁ። የአጠናን ብልሃት ማለት መጽሐፍ ላይ በምን ቀለም እንደሚሰመር ማለት ነው። ይህን የጃፓን ትምህርት ከባዶ ያቆምኩት እኔ ነኝ፤ ካርታውን በራሴ ሻንጣ ተሸክሜ ነው ያመጣሁት።

አልተጨነቅኩም።

ረቡዕ

እትዬ እራት ላይ ለምን እንደማልበላ ጠየቀችኝ። አልተጨነቅኩም አልኳት።

"ጭንቀት ነው ወይ ያልኩሽ? ሾርባው ጨው በዝቶበት እንደሆነ ነው የጠየቅኩሽ።"

እህቴ ጡረታ የወጣች አዋላጅ ናት። ለሁለት ሳምንት ብላ መጥታ መጀመሪያ መጋረጃውን፣ ቀጥሎ የምድጃውን ቦታ ቀየረች። አሁን እንግዳዋ እኔ ነኝ።

ሾርባው ጨው አልበዛበትም ነበር።

ሐሙስ

ዛሬ ክፍሉ ነፍስ ዘራ።

የኤዶ ዘመንን የአዋጅ ሰሌዳዎች አሳየኋቸው። የጦር ገዢዎቹ የቶኩጋዋ ሾጉኖች ኤዶ ከተማ ተቀምጠው በሚገዙበት ጊዜ መንግሥት ትእዛዙን ጣውላ ላይ ጽፎ ድልድይ አጠገብና መስቀለኛ መንገድ ላይ ያቆም ነበር። ስለ ልብስ የወጡትን ትእዛዞችም አነበብኩላቸው። ገበሬው ሐር አይልበስ፤ ነጋዴው ከደረጃው በላይ አያጊጥ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ያው ነገር እንደገና። ከዚያ እንደገና፣ ቁጣ ተጨምሮበት። አንድ ክልከላ ተደጋግሞ ከታወጀ ምን እንረዳለን ብዬ ጠየቅኩ።

ከኋላ አንዱ፣ ያወጀው ሰውዬ የበፊቱን ረስቶት ይሆናል አለ።

ቀጥሎ ጠበቃው ተነሳ። ሕግ ትምህርት ቤት አንድ ዓመት ቆይቶ ከመምህራኑ ጋር ተከራክሮ የወጣ ልጅ ነው፤ ቅጽል ካወጣሁለት ወዲህ እውነተኛ ስሙ አልያዝ ብሎኛል።

"መምህር፣ አልታዘዙም ማለት ነው። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ 'በሩን ዝጋው' ስትለኝ ኖራለች። ዘግቼው አላውቅም። በር የሚዘጋ ልጅ ያላት እናት ምን ትላለች? ምንም አትልም።"

ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ። አዋጅ ሰው ያደረገውን አይነግረንም፤ ገዢው ምን እንዳናደደው ግን ይነግረናል። የኤዶ ሰዎችም እንዲህ ያለውን "የሦስት ቀን ሕግ" ይሉት ነበር፤ ከሦስት ቀን በላይ የሚፈራው የለማ። ሀብታም ነጋዴዎች ከላይ ጥጥ ለብሰው ሐሩን ገበር ያደርጉት እንደነበር ስነግራቸው ፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ የኮቷን ገበር ገለጥ አድርጋ አየች። እስካሁን አንድ ቃል አልወጣትም። ዝምታ ብያታለሁ።

ከክፍል በኋላ የተቀደደውን የኤዶ ካርታ ለማስጠገን ወደ ጥረዛ ክፍል ወረድኩ። ጠራዡ የሚሠራው ከቤተ መጻሕፍቱ ሥር ነው። መስኮቱ ከመሬት እኩል ስለሆነ ከዓለም የሚያየው ጫማ ብቻ ነው። ስገባ ከሥራው ቀና ሳይል፣ የግራ ጫማዬ ተረከዝ ሊለቅ መሆኑን ነገረኝ። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ሲከታተለው ነበር።

ካርታው የአንድ ሻይ ያህል ሥራ ነበር። ስወጣ ልገባበት የነበረው የትምህርት ክፍሉ ስብሰባ አልቆ ወንበር ይነሳል።

ከዛሬ ጀምሮ ያለ ሥራ ወደ ጥረዛ ክፍል አልወርድም።

ማክሰኞ

ለማጠቃለያ ሥራ አንድ ነገር ሰጠኋቸው። በቅርባችሁ ያለ፣ ተደጋግሞ የተከለከለ ነገር ፈልጉ፤ ከኤዶ ሰሌዳዎች ጋር አነጻጽሩት። ቤታቸው ይሄዳሉ ብዬ ነበር። እናታቸውን፣ የአውቶቡስ ውስጥ ጽሑፍን አስቤ ነው።

ጠበቃው ወደ ኮሪደሩ መርቶ አወጣን። የፋኩልቲው ማስታወቂያ ሰሌዳ እንደ ፍራሽ አብጧል። ስንት ዓመት ሙሉ ማንም አሮጌውን ሳያነሳ አዲሱን በላዩ ሲለጥፍ ኖሯል። በየቀኑ አልፈዋለሁ፤ አይቼው አላውቅም። ጠበቃው እንደ ዳቦ በጣቱ ተጭኖ፣ ይሄ ሁሉ ምንጭ ነው አለ።

ያን ጊዜ ዝምታ ተናገረች።

"ከታች ያለው ቀድሞ የተለጠፈ ለመሆኑ ማስረጃችን ምንድነው?"

ጠበቃው ታዲያ ከሥር ሾልኮ ገባ ወይ አላት። እሷ፣ ላዩ ተቀድዶ ክፍተቱ ላይ ቢለጠፍስ አለች። ይመልስላታል ብዬ ስጠብቅ ጎንበስ ብሎ ክፍተት ይፈልግ ጀመር። ጠበቃው ሳይከራከር ሲቀር ሁሉም አየው።

ዓርብ

ሰሌዳው ወረደ። የሕንፃው ጥበቃ፣ "ውሰዱልኝ፣ ሚስማሩ ለቋል፣ አንድ ቀን ሰው ላይ ይወርዳል" አለ። ዲኑን አልጠየቅኩም፤ ስብሰባ ላይ ነበር። ዲኑ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነው።

ተማሪዎቹ ወደ ጥረዛ ክፍል ተሸክመውት ደረጃ ሲወርዱ ቃሬዛ ይመስል ነበር። አንዲት ጽዳት ሠራተኛ ጥግ ይዛ አሳለፈቻቸው።

ጠራዡ ማንቆርቆሪያውን ጥዶ በእንፋሎት ሙጫ እንዴት እንደሚላላ አሳየን። ስሱን ቢላ በወረቀቱ ሥር ያስገባል፣ ይጠብቃል፣ ወረቀቱ ራሱ ይመጣል። ሲጠብቅ ያፏጫል። የሳበ ይቀድዳል አለ። ተማሪዎቹ ወረፋ ገቡ። እያንዳንዱን ወረቀት ቁጥር ሰጥተው እንደ ልብስ ገመድ ላይ ሰቀሉት። ዝምታ ቁጥር የምትሰጠው ምላሷን ነክሳ ነው።

ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ገመዱን ለማየት ትንሽ ቆየሁ።

ከዛሬ ጀምሮ ያለ ሥራ ወደ ጥረዛ ክፍል አልወርድም። ሥራ ካለም ተማሪዎቹ ከወጡ በኋላ አልቆይም።

ሰኞ

ጉድ ፈላ።

ማታ

አሁን ነው ቁጭ ያልኩት። ከላይ የነበረው ወረቀት፣ ቁጥር አንድ ብለን የሰቀልነው፣ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የፈተና ክፍል መለወጡን የሚናገር ማስታወቂያ ነበር። የተለጠፈው ዓርብ ጠዋት ነው። እኛ ከሰዓት በኋላ ወሰድነው። ዛሬ ከልጆቹ ግማሹ አሮጌው አዳራሽ ውስጥ እርሳስ ቀርጸው ሲጠብቁ ፈታኙ አዲሱ ሕንፃ ውስጥ ከሌላው ግማሽ ጋር ነበር። ፈተናው ተሰረዘ።

ዲኑ ቢሮው ጠራኝ። "እርስዎ" አለኝ፣ ሁለታችን ብቻ ሆነን። እንዲህ ብሎኝ አያውቅም።

"እርስዎ የፈተና ማስታወቂያ በማንቆርቆሪያ ቀቅለዋል።"

አልቀቀልነውም፣ በእንፋሎት ነው አልኩ። ከበሩ ውጭ ጸሐፊዋ ስትስል ሰማሁ። ዲኑ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት አስተካከለ። ከዚያ፣ ጉዳዩን ለኮሚቴው ማቅረብ ግዴታው መሆኑን፣ ያለዚያም ለጃፓን የቆመ ሰው ኮሚቴው ውስጥ እንደሌለ ነገረኝ።

አነበብኩት እኮ። ቀኑን አየሁት፣ ክፍሉን አየሁት። ጠበቃው ቁጥር አንድ ሲለው አጠገቡ ቆሜ "በጥንቃቄ" እያልኩት ነበር። ሰሌዳ ላይ ያለ ወረቀት ሁሉ ያለፈ ነገር የሚመስለው ለታሪክ ሰው ብቻ ነው። ሌላ ማንም ሰው እዚያ የነገ ፈተና ያያል።

አንደኛ ዓመት ክፍል ገብቼ ይቅርታ ጠየቅኩ። አንዱ እጁን አውጥቶ የሒሳቡንም ፈተና ማስታወቂያ ልንወስድላቸው እንችል እንደሆነ ጠየቀኝ።

አልተጨነቅኩም ብዬ ልጽፍ ነበር።

ረቡዕ

ባዶው ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ፦ "ከማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ማናቸውንም ወረቀት ማንሳት በጥብቅ የተከለከለ ነው። ዲን።" ሰሌዳ የለም፤ ግድግዳው ላይ ነው የተለጠፈው።

ሐሙስ

የለም።

ጠበቃውን ጠየቅኩት። ትኩስ ምንጭ ነው አለኝ። ገመዱ ላይ ሰቅለውታል። እንዳይደገም ብዬ ተቆጣሁ።

ሰኞ

ሁለተኛው ማስታወቂያ፦ "ይህንን ወረቀት ጨምሮ።" ከምሳ በፊት ጠፋ። እንዳይደገም አልኩ፣ ከበፊቱ ጠንከር አድርጌ።

ረቡዕ

ሦስተኛው በመስታወት ተሸፍኖ መጣ። አጠገቡ ጥበቃው ወንበር ይዞ ተቀምጧል። ተማሪዎቹን ሰብስቤ፣ ዛሬ የምናገረው የመጨረሻዬ ነው አልኳቸው።

"መምህር፣ ሦስተኛዎ ነው" አለ ጠበቃው።

ደግነቱ መስታወቱ በብሎን የታሰረ ነው።

ዓርብ

እትዬ እጄን አሸተተች።

"ሙጫ።"

ሥራ ነው አልኳት። ተማሪዎቹ እዚያ ናቸው፣ ኮሚቴው ቀርቧል።

"ተማሪዎቹ ስንት ሰዓት ይወጣሉ?"

አሥራ አንድ።

ሰዓቱን አላየችም፤ እኔ ነኝ ያየሁት። እንደዚህ የምትጠይቀው ምጥ መቼ እንደጀመረ ስትጠይቅ በለመደችው ድምፅ ነው፤ መልሱን ቀድማ ታውቀዋለች። እኔም ያለ ሥራ ወደዚያ እንዳልወርድ ከራሴ ጋር ከተስማማሁ መቆየቱን ነገርኳት። እንዲያውም ደጋግሜ ወስኛለሁ አልኳት።

ሳህኑን እያነሳች፣ "ምጥ ላይ ያለች ሴት ሁሉ 'ሁለተኛ አልወልድም' ትላለች" አለች። "እየማለች። ስንቷን እየመለስኩ አዋልጃለሁ።"

ከዛሬ ጀምሮ ተማሪዎቹ ከወጡ በኋላ ብቆይም ሻይ አልጠጣም።

ማክሰኞ

ሥራው ቆመ። ያቆመችው ዝምታ ናት።

ጠበቃው የኮሚቴውን ንግግር ጽፎ ጨርሷል። ኮሪደር ላይ መጮኽ ክልክል ነው የሚለው ብቻ በየንብርብሩ ይመጣል፤ እንግዲህ ይህ ፋኩልቲ ሲጮኽ ኖሯል፣ አለቀ። ዝምታ ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ በተራ ዘረጋቻቸው። የጩኸቱ ማስታወቂያ ከቃል እስከ ቃል አንድ ነው፤ የሚለወጠው ከሥር ያለው ፊርማ ብቻ ነው። አዲስ ዲን በመጣ ቁጥር ይለጠፋል። ሾጉኖቹም ለጦረኞቹ ያወጡትን ሕግ አዲስ ሾጉን ሲሾም እንደገና እንዲነበብ ያደርጉ እንደነበር አንብባለች፤ እኔ በሰጠኋት መጽሐፍ፣ እኔ በዘለልኩት ገጽ።

"መደጋገሙ ብቻ ማስረጃ አይሆንም" አለች። "መጮኻቸውን የሚያሳይ ሁለተኛ ምንጭ ያስፈልጋል።"

ጠበቃው ሊከራከር አፉን ከፍቶ ዘጋው፤ ከዚያ ንግግሩን ለሁለት ቀደደው። ቀን ቀርቦ ባይሆን ኖሮ አቅፋት ነበር። ቀን ቀርቧልና ራሴን ያዝኩ። ኮሚቴው በመጪው ሰኞ ነው፤ በእጃችን ያለው ገመድ ላይ የተሰቀለ ወረቀት ብቻ ነው።

ግን ልክ ናት። መደጋገም ብቻውን ምንም አያሳይም። ይህን ለእትዬም መንገር አለብኝ።

ረቡዕ

ሁለተኛው ምንጭ ከሰሌዳው አልራቀም። ዳር ዳሩን አላየንም ነበር። ጠራዡ ዳሩን ሳይቆርጥ ስላላቀቀው ሁሉም እንዳለ ነው። "መስኮት መክፈት ክልክል ነው" ከሚለው ጎን በእርሳስ "ሞቀን"። "ሣር መርገጥ ክልክል ነው" የሚለው ላይ የጭቃ ጫማ ሙሉውን ታትሟል። የጩኸቱ ማስታወቂያ ግን በየንብርብሩ ንጹሕ ነው፤ አንድም ሰው አልነካውም። ያ የሹመት በዓል ነው፣ ሕግ አይደለም። ዝምታ ሁለት ክምር አደረገች፦ የተነበቡና ያልተነበቡ። ጠበቃው ከእንግዲህ ለእሷ እንደሚሠራ ተናገረ።

አንድ ሌላ ነገር አለ። ከመስኮቱ ማስታወቂያዎች አንደኛው እኔና ዲኑ ተማሪ በነበርንበት ጊዜ የተለጠፈ ነው። አንድ ሰው ለእያንዳንዱ መስመር በእርሳስ መልስ ጽፎበታል፣ ከሥሩም ጃንጥላ የያዘች ዳክዬ ስሏል። ዳክዬዋን አውቃታለሁ። ያኔ ከአጠገቤ ተቀምጦ በየደብተሩ ጠርዝ ዳክዬ የሚስል አንድ ልጅ ነበር። ዛሬ ስብሰባ ላይ ነው።

ለማንም አልተናገርኩም። ጠራዡ አይቆጠርም። እሱ፣ ዳክዬዋን ይዘሽ ዲኑ ቢሮ ግቢ፣ ትምህርቱ ይተርፍልሻል አለኝ። አልገባም አልኩት። ምንጭ ለማስፈራሪያ አይደለም። ደሞም ጥሩ ዳክዬ ናት።

ከዛሬ ጀምሮ ሻይ ብጠጣም ሲያስቀኝ ክንዱን አልመታም።

ቅዳሜ

ሰሌዳው ተራቆተ። የመጨረሻው ወረቀት ሲነሳ ጣውላው ላይ በቀለም የተጻፈ ነገር ወጣ። ጠበቃው ጮክ ብሎ አነበበው፤ ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ዝምታ ስትስቅ ያየሁት ያኔ ነው፤ ድምፅ የላትም፣ ትከሻዋ ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው።

ሰኞ፣ ጠዋት

እትዬ ሸሚዜን ተኮሰች። የጫማዬ ተረከዝ ተሠርቷል። ማን እንደሠራው ጠየቀችኝ። ጫማ ሠሪ አልኳት። የትኛው ጫማ ሠሪ አለች።

አልተጨነቅኩም። ተጨንቄያለሁ።

ሰኞ፣ ማታ

በቅደም ተከተል ልጻፍ፣ አለበለዚያ ነገ የራሴን እጨምርበታለሁ።

ኮሚቴው አምስት ሰው ነው። ዲኑ መሐል፣ የጂኦግራፊው መምህር ከዳር፣ የቀሩት እንቅልፍ ያልጠገቡ። ልጆቹ ገመዱን ክፍሉ ውስጥ ዘርግተው ወረቀቶቹን በተራ ሰቅለዋል፤ ኮሚቴው በገመዱ ሥር እየጎነበሰ ማለፍ ነበረበት። ጠበቃው የኤዶን ሰሌዳዎች አቀረበ። አጠር አድርጎ፣ ሳይከራከር። ለምን ሐር ተደጋግሞ እንደተከለከለ፣ ለምን የመደጋገሙ ነገር ብቻውን እንደማይበቃ፣ ገበሩን የሚያሳይ ሌላ ምንጭ ለምን እንደሚፈለግ። ከዚያ ዝምታ ገመዱን ተከትላ ሄደች፦ ይህ ተነቧል፣ ይህ አልተነበበም፣ ይህ የሹመት ሥርዓት ነው። የዲኑን ሦስት ማስታወቂያዎችም አልዘለለችም፤ ሦስተኛውን በብሎን ምክንያት ማግኘት እንዳልተቻለ፣ ሆኖም ብሎኑ ራሱ ማስረጃ መሆኑን ተናገረች። ወንበሬን ጨብጬ ያዝኩ።

ዲኑ ዳክዬዋ ፊት ቆመ። ብዙ ቆመ።

"ይህን የሳለው ሰው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ?"

ወደኔ አላየም። እኔም መስኮቱን አየሁ።

"አናውቅም" አለች ዝምታ። "የምናውቀው፣ ማስታወቂያውን እስከ መጨረሻው ያነበበው ሰው እሱ ብቻ መሆኑን ነው። ሌላው ሁሉ ዝም ብሎ መስኮቱን ከፍቷል።"

ዲኑ መነጽሩን አውልቆ በክራቫቱ ጠረገ። ጨርሶ ከጠረገ በኋላም ሲጠርግ ነበር።

መጨረሻ ላይ ባዶውን ጣውላ አዙረው አሳዩ። ከሁሉም ንብርብር ሥር፣ በነጭ ቀለም፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ፦ "እዚህ ላይ ወረቀት መለጠፍ ክልክል ነው።"

የጂኦግራፊው መምህር ሲስቅ ወንበሩ ተሰነጠቀ። ያንቀላፉት ምን ተባለ እያሉ ተጠያየቁ፤ ሲነገራቸው እነሱም ተራቸውን ሳቁ። ዲኑ አልሳቀም፤ ግን ወደ በሩ ሲሄድ እንደገና ጎንበስ ብሎ ዳክዬዋን አየ።

ረቡዕ

ኮሪደር ላይ። "አንቺ።"

ወድዶታል። ኮሚቴውም ወድዶታል። ግን የመጪው ወሰነ ትምህርት ዝርዝር ከላይ ተዘጋጅቶ የወረደው ኮሚቴው ከመቀመጡ በፊት ነው፤ ጃፓን የለችበትም። ታዲያ ኮሚቴው ለምን ተቀመጠ አልኩት። አሠራሩ ነው አለ። ፊቱ ላይ ደስታ አልነበረም፤ ያንን ልመስክርለት።

እትዬ ምንም ሳትል ሾርባ አቀረበች። ጨው አልነበረበትም፤ ረስታዋለች። እሷ ጨው ረስታ አታውቅም።

ሐሙስ፣ አዲሱ ወሰነ ትምህርት

መስታወቱ ውስጥ፦ "የጃፓን ታሪክና የታሪክ ጥናት ዘዴ መግቢያ ተዘግቷል።"

ለአንደኛ ዓመቶች አሰማመር አስተማርኩ። ቢጫው ለዋና ሐሳብ ነው።

ከዚያ በለመድኩት ሰዓት ክፍል ሰባት ገባሁ። ጠመኔ ረስቼ ነበር፣ ልወስድ ነው። ሁሉም ተቀምጠዋል። ዝምታና ጠበቃው፣ የክፍል ጓደኞቻቸው፣ የማላውቃቸው ብዙ፣ ከፈተናው የቀሩት አንደኛ ዓመቶች ጭምር። ትምህርቱ መዘጋቱን አላያችሁም ወይ አልኳቸው። አይተናል አሉ። ጠመኔውን ይዤ ቆምኩ። ቆሜ ምን ላድርግ፣ በእጄ ጠመኔ ነበር።

ማክሰኞ

ሁለተኛው ማስታወቂያ፦ "ክፍል ሰባትን ለተዘጋ ትምህርት መጠቀም ክልክል ነው።"

ሐሙስ

ጥረዛ ክፍል ውስጥ አስተማርኩ። ሌላ ቦታ የለም። ተማሪዎቹ በመቁረጫው ጠረጴዛ ዙሪያ፣ በካርቶን ክምር ላይ፣ በደረጃው ላይ ተቀመጡ። ጠራዡ ስታስተምሪ እሠራለሁ ብሎ መርፌውን ይዞ ተቀመጠ፤ አንድም ገጽ አልሰፋም። የመጣሁት ለሥራ ነው፤ ይህን እትዬም አልካደችም። ብቻ ለሥራ ይሄንን ቀሚስ ለብሰሽ አታውቂም አለች።

አንድ ቀን እራት ጥሪው አለች ደግሞ፤ ሙጫውን ከምንጩ ልየው። አይሆንም አልኳት። ደግሜም አልኳት።

ዓርብ

አንድ ተማሪ ሙጫው ባልዲ ውስጥ ገባ። ምንም አልሆነም፤ ጫማው ብቻ እዚያው ቀረ።

ሰኞ

ሦስተኛው ማስታወቂያ ወጣ። ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ጥበቃውም ወንበሩን ትቶ አብሮኝ አነበበ።

"የተዘጋው የጃፓን ታሪክና የታሪክ ጥናት ዘዴ መግቢያ፣ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ዘወትር ሐሙስ በሁለተኛው አዳራሽ ይሰጣል። ዲን።"

ከፊርማው ቀጥሎ፣ በእርሳስ፣ ጃንጥላ የያዘች ትንሽ ዳክዬ።

ሁለተኛው አዳራሽ ጣሪያው አያፈስም። መብራቱ ሁሉ ይበራል። ከእንግዲህ ጥረዛ ክፍል የምወርድበት ምንም ምክንያት የለም።

መስታወቱ ዛሬ ብሎን የለውም። ወረቀቱን አወጣሁት፤ ጥበቃው ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞሮ ነበር። ግድግዳው ላይ ሙጫው በደንብ ስላልያዘ ጠርዙ ተጣጥፏል፣ በጥሩ ካርቶን ላይ ተለጥፎ መጠበቅ ያለበት ምንጭ ነው። ያን መሥራት የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው።

ከምሳ በኋላ እወርዳለሁ። ይህ ሥራ ነው።